የጠፉ ሰዎች ምሽት ፒያሳ፦ ትረካው አንደኛ፣ ፍርፍሩ ግን አልመጣም

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ጎንደር ውስጥ ምሽት ላይ ከቢራና ከኳስ ሌላ ነገር ለሚፈልግ ሰው ይህች ቡና ቤት ትመከራለች። ስሟን ግን አልጽፍም። የከለከለችኝ ባለቤቷ ናት፤ «አሁንም ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በር ላይ ይቆማል፣ አንተ ደግሞ ጽፈህ ልታስጨንቀኝ ነው?» አለች። ፒያሳ ናት፣ ከጣሊያን ጊዜ ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ፣ ደረጃ ወጥታችሁ በስተግራ። እዚያ አካባቢ የሚውል ማንኛውንም ሊስትሮ «የጠፉ ሰዎች የሚተረክበት ቤት» ካላችሁት ያደርሳችኋል።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። በዓለም ታሪክ የውሃ ሽታ ሆነው የቀሩ ሰዎች በየተራ ይነሳሉ። መርከበኞች፣ አብራሪዎች፣ ወታደሮች፣ ደራሲዎች። ብዙ ጊዜ በአንድ ምሽት አንድ ታሪክ ነው፣ አንዳንዴ ሁለት። መግቢያው 100 ብር ነው፣ ከነቡናው። ቴሌብር ይቀበላሉ። አቦል ላይ ታሪኩ ይጀመራል፣ ቶና ላይ ይሞቃል፣ በረካ ሲቀዳ ጥያቄና ክርክር ይከፈታል። ይህን ያሰበ ሰው ጎበዝ ነው፤ ተራኪው ሰዓት ማየት አያስፈልገውም፣ አድማጩም ስኒው ሲመጣ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ዋናው ተራኪ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ማይክ አይወዱም። ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ደብተሩ ላይ የሌለውን አይናገሩም። ታሪኩ የሚታወቀው እስከ የት እንደሆነ ለይተው ያውቃሉ። እዚያ ሲደርሱ «እስከዚህ ነው» ብለው ደብተሩን ይዘጋሉ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ሰው መቶ ብር ከፍሎ መጨረሻውን ሳይሰማ ሊሄድ ነው? ትንሽ ሲቆይ ግን ዋጋው ያለው እዚያ መሆኑ ይገባችኋል። ያልታወቀውን ቦታ በፈጠራ ሲሞሉት ታሪኩ ወዲያው ቀሽም ፊልም ይሆናል። እሳቸው ደግሞ ክፍተቱን እንዳለ ይተዉታል፤ ቤታችሁ ደርሳችሁ ጋደም ስትሉ ነው የሚመጣባችሁ።

የአሚሊያ ኤርሃርት ምሽት ካመለጣችሁ በድጋሚ እንዲተርኩላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሎክሂድ ኤሌክትራ በምትባል ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ምድርን በወገቧ በኩል ልትዞር የተነሳችው አሜሪካዊት ናት። ሌላ ተራኪ ቢሆን ከመጨረሻዋ ቀን ይጀምር ነበር። ጋሼ ከካርቱም ጀመሩ። በጁን ወር ከካርቱም ተነስታ ምጽዋ አረፈች፣ ከምጽዋ አሰብ፣ ከአሰብ ደግሞ ባሕሩን ተሻግራ ካራቺ ገባች። ያን ጊዜ ጎንደርም በጣሊያን እጅ ነበረች። ይህ የተቀመጥንበት ሕንጻ ራሱ የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ሰሜን ቀስረው «በዚህ፣ ከተራሮቹ ማዶ ነው ያለፈችው» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ሁላችንም በራሳችን ሳቅን። ስንቶቻችን ነን ስሟን እየሰማን ያደግነው፣ ግን በኛ ሰፈር ጫፍ ማለፏን ማን ነግሮን ያውቃል?

ከዚያ ወደ ፓሲፊክ ወሰዱን። ጁላይ 2 ቀን ኒው ጊኒ ውስጥ ካለችው ላኤ ተነሳች። አብሯት አቅጣጫ መሪው ፍሬድ ኑናን አለ። መድረሻቸው ሃውላንድ ነው፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በውቅያኖስ መሃል ያለ፣ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳን የማይሞላ ዝርግ መሬት። ከዳሩ ኢታስካ የተባለች የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ቆማ ትጠብቃለች። መርከቧ የሴትየዋን ድምጽ ትሰማለች። ሴትየዋ የመርከቧን ንግግር አትሰማም። እናንተ ላይ መድረስ ነበረብን፣ ግን አናያችሁም፣ ነዳጅ እያነሰ ነው፣ ትላለች። ድምጿ እየጎላ ሲመጣ የሬዲዮ ሠራተኞቹ አሁን ትታየናለች ብለው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ። በመጨረሻ የምትበርበትን መስመር በቁጥር ተናገረች፣ 157 እና 337። ከዚያ በኋላ የለችም። ከሁለት ሳምንት በላይ ተፈለገች፣ በጃንዋሪ 1939 በሕግ እንደሞተች ተቆጠረች።

«እስከዚህ ነው» አሉና ደብተሩ ተዘጋ።

በረካ ላይ አንዱ «ጋሼ፣ ጃፓኖች ይዘዋት ነው ይባላል እኮ» አለ። «ይባላል» አሉ። «ኒኩማሮሮ የሚባል ደሴት ላይ አርፋ ነበርም ይባላል። በ1940 እዚያ አጥንት ተገኝቶ ነበር፣ አጥንቱም ራሱ ጠፋ። ነዳጅ ጨርሳ ባሕር ገባች የሚለው ግን ለሂሳቡ ይቀርባል።» ሰውየው ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን በዚህች መልስ ብቻ መቶ ብሬ ወጥቷል።

የሜሪ ሴሌስት ምሽትም ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1872 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኖዋ የተነሳች መርከብ ናት። ካፒቴኑ ቤንጃሚን ብሪግስ፣ ሚስቱ ሳራ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው ሶፊያና 7 መርከበኞች ተሳፍረዋል። ጭነቷ 1,701 በርሜል አልኮል። በዲሴምበር መጀመሪያ ዴይ ግራሺያ የተባለች ሌላ መርከብ በአዞረስ ደሴቶችና በፖርቱጋል መሃል ስትንከራተት አገኘቻት። አንድም ሰው የለባትም። የስድስት ወር ስንቅና ውሃ አለ። ነፍስ አድን ጀልባዋ የለችም፤ የመርከቧ ወረቀቶችና የአቅጣጫ መለኪያዎቹም የሉም። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ መረጃ የኖቬምበር 25 ነው። ጭነቱ በኋላ ሲራገፍ 9 በርሜሎች ባዶ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ካፒቴኑ ከአልኮሉ የወጣው ትነት ሊፈነዳ ነው ብሎ ፈርቶ ቤተሰቡንና ሠራተኞቹን ለጊዜው ወደ ጀልባዋ አወረደ፣ ከዚያ ጀልባዋ ከመርከቧ ተለየችባቸው የሚል ግምት አለ። ግምት ነው። ያየ የለም።

አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ሻይ ተገኝቶ የለም እንዴ?» አለች። እኔም እንደዚያ ነበር የሰማሁት። «ሻዩን ያፈሉት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው» አሉ ጋሼ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ምግብ መከታተል ጀመርኩ። ሰው ሲጠፋ ሁልጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ምግብ ያስቀምጣል! የካምቢሰስን ሠራዊት እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ግብጽን የያዘው የፋርስ ንጉሥ ነው። 50,000 ወታደር በበረሃ ወደ ሲዋ ላከ፣ ሠራዊቱ ግን እዚያ አልደረሰም፣ ወደ መጣበትም አልተመለሰም። ይህን የጻፈልን ግሪካዊው ሄሮዶተስ ነው። እሱም የአሸዋው ማዕበል የመጣባቸው ምግብ እየበሉ ሳለ ነው ብሎ አስገብቶበታል። በነገራችን ላይ ንጉሡ ራሱ በዚያው ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ ነበር የሚገሰግሰው፤ የያኔው ኢትዮጵያ ከግብጽ በታች ያለው የኩሽ ምድር ነው። እሱም ስንቅ አልቆበት፣ ወታደሮቹ በዕጣ እርስ በርስ መበላላት ሲጀምሩ ተመለሰ ይላል ሄሮዶተስ። እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ይበለው!» አሉ። እንዲህ ያለ አድማጭ ያለበትን ቤት ማን ይጠላል።

እንግዲህ ስለ ምግብ ካነሳን የቤቱን ምግብ ላንሳ። ትረካው ሳይጀመር በፊት ፍርፍር አዘዝኩ። አቦል መጣ፣ ቶና መጣ፣ ፍርፍር የለም። በረካ ላይ አስተናጋጇን ስጠራ «ኧረ አንተ ነህ እንዴ ያዘዝከው?» አለችኝ። እኔ ያን ምሽት ብጠፋ ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ የተጀመረ ምግብ ተገኘ ብሎ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ይህ የአንድ ቀን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከጎኔ የሚቀመጡትም ያማርራሉ። ወጥ ቤቱ አንድ ሰው ነው ያለው። ትረካ ባለበት ቀን ሁሉም እኩል ያዛል፣ እኩል ይጠብቃል። ቤታችሁ በልታችሁ ኑ፣ ወይ ቆሎውን እዘዙ። ቆሎው እኔን የሚሉት ዓይነት ነው፤ ኑግ የገባበት፣ ትኩስ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል። ጋሼ ሲያማቸው ወይም ለቅሶ ሲኖርባቸው አንድ ወጣት ይተካቸዋል። ድምጹ ያምራል፣ ፊልም ላይ ቢተርክ ያዋጣዋል። ችግሩ ትኩስ ሻይ የሚያፈላ ሰው ነው። ከጀርባው ኪቦርድ ይለቅቃል፣ አስፈሪ ቦታ ላይ ድምጹን ያጠፋል፣ ከዚያ «ዱ...ው!» ያደርጋል። እናቶች ይደነግጣሉ፣ ስኒ ይደፋል።

የፍላናን ደሴትን ታሪክ እንዴት እንዳበላሸው ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1900 ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባለች ደሴት ላይ ለመርከቦች መብራት የሚያበሩ ሦስት ጠባቂዎች ነበሩ። ጄምስ ዱካት፣ ቶማስ ማርሻልና ዶናልድ ማካርተር። ዲሴምበር 26 ቀን ሄስፐረስ የተባለችው መርከብ ተተኪ ይዛ ስትደርስ የሚቀበላት ጠፋ። መብራቱ ተወልውሎ፣ ጋዙ ተሞልቶ ተዘጋጅቷል። ሁለቱ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ወጥተዋል። የሦስተኛው ልብስ ግን መስቀያው ላይ አለ። በምዕራብ በኩል ያለው መውረጃ ከባሕሩ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳይቀር በማዕበል ተጎድቷል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? በዚያ ብርድ ሰውየው ሳይለብስ ለምን ሮጦ ወጣ? ሁለቱን ሊያድን? ለዚያች መስቀያ ላይ ለቀረች ልብስ አሥር ደቂቃ ቢሰጣት ቤቱ ትንፋሽ ያጣ ነበር። ልጁ ልብሷን ጭራሽ አላነሳትም። የተገለበጠ ወንበር አመጣ፣ ሳይነካ የቀረ ምግብ አመጣ፣ ይኸውላችሁ ደግሞ ምግብ! እነዚህ ሁለቱ ከ12 ዓመት በኋላ በተጻፈ ግጥም የገቡ ናቸው እንጂ መርማሪው ያገኘው ወጥ ቤት የተስተካከለ ነበር። በረካ ላይ ይህን ስነግረው «ወንድሜ፣ ሰው ግን የሚወደው እንደዚያ ነው» አለኝ። ምን ይባላል።

በርሙዳ ላይ ደግሞ የባሰ። ዲሴምበር 5 ቀን 1945 ከፍሎሪዳ ለልምምድ የተነሱ 5 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች 14 ሰው ይዘው ጠፉ። ሊፈልጋቸው የወጣ ሌላ አውሮፕላንም ከነ13 ሰዎቹ ቀረ። የቡድኑ መሪ ኮምፓሱ እንደተበላሸ አምኖ፣ ያለበትን ቦታ አሳስቶ፣ ሲመሽ ባሕሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ነዳጅ እንደጨረሰ በሬዲዮ ከተሰማው መገመት ይቻላል። ለፍለጋ የወጣው ደግሞ በአየር ላይ በእሳት ሲያያዝ ያየ መርከብ አለ። ልጁ ይህን ሁሉ ዘልሎ ሌላ ፕላኔት ገባ። እኔም ዘልዬ ሂሳብ ከፈልኩ።

ወጣት አድማጭ ግጥም ብሎ የሚመጣው በማሌዢያው አውሮፕላን ምሽት ነው። ነገሩ ገና የትናንት ስለሆነ ሁሉም የራሱ መላ ምት አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2014፣ ኤምኤች 370፣ ቦይንግ 777፣ ከኳላ ላምፑር ወደ ቤጂንግ፣ 239 ሰው። ከተነሳ ከ40 ደቂቃ በኋላ ገደማ ከሲቪል ራዳር ጠፋ። የወታደር ራዳር ግን ወደ ኋላ ሲዞር አይቶታል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የታወቀበት ብቸኛ ነገር ከአንድ ሳተላይት ጋር አልፎ አልፎ የሚለዋወጠው አጭር ምልክት ነው፤ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ የተባለውም ከዚያ ምልክት ተሰልቶ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ቁጥር አበዙ፣ ግን ያለ ቁጥር አይገባም። በዋናው ፍለጋ የተፈተሸው የባሕር ወለል 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣናን 40 ጊዜ ያህል ማለት ነው አሉ። ጣናን ዳርቻው ላይ ቆሞ ላየ ጎንደሬ ይህ ይበቃዋል። በጁላይ 2015 የክንፉ ቁራጭ ሬዩኒየን ደሴት ዳርቻ ላይ ወጣ፣ ሌሎች ቁርጥራጮችም በአፍሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ተለቀሙ። ዋናው ፍለጋ በጃንዋሪ 2017 ቆመ። የማሌዢያ መርማሪዎች የ2018ቱ ሪፖርታቸው ላይ ምክንያቱን መወሰን አልቻልንም ብለው ጻፉ። የዚያን ቀን ክርክሩ ከትረካው ረዘመ። አብራሪው ነው የሚል አለ፣ እሳት ነው የሚል አለ፣ ጠልፈውት ነው የሚል አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሶፍት ወረቀት ላይ የሳተላይቱን ክብ ስሎ ሲያስረዳ ሦስት ጠረጴዛ ተጠጋግቶ አንድ ሆነ። ለዚህ ብቻ እንኳን መምጣት ይቻላል።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን የተገላቢጦሹ ታሪክ ነው። ለፈረንጆቹ የጠፋ፣ እኛ ዘንድ ግን ቁጭ ብሎ ቡልኮውን የተከናነበ ሰው። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ቄስ ንጉሥ ዮሐንስ የሚባለውን ክርስቲያን ንጉሥ አገር ፈልጉ ብሎ ከአፎንሶ ዴ ፓይቫ ጋር ላከው። ፓይቫ በመንገድ ሞተ። ኮቪልያ ሕንድ ድረስ ሄዶ፣ ካይሮ ተመልሶ፣ ለንጉሡ የሚላከውን ልኮ፣ በመጨረሻ ወደ ሐበሻ ገባ። ከዚያ በኋላ አገሩ ስንት ዓመት ሙሉ ወሬውን አጣች። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አጼ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ሰውየውን አገኙት። መሬት ተሰጥቶታል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቋንቋውን ያውቃል። የገባ እንግዳ አይወጣም ተብሎ ነው የቀረው። ታሪኩን ከአፉ ሰምቶ የጻፈው ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ኮቪልያ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ጋሼ ይህን ሲተርኩ እየሳቁ ነበር፤ የሳቸውን ሳቅ ማየት በራሱ ብርቅ ነው። አንዲት እናት «ምነው፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ወዴት ይሄዳል!» ብለው ለሰውየው ተከራከሩለት። ፖርቱጋል ውስጥ ትቷት የመጣት ሚስት እንደነበረችው ጋሼ ሲጨምሩ ግን ዝም አሉ። ደብተሩ ላይ ይህም ነበር።

ስለ በዓሉ ግርማ ምሽት ደግሞ ለየት አድርጌ መጻፍ አለብኝ። እዚህ ላይ ቤቱን አመሰግናለሁ፣ እወቅሳለሁም። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተነሳ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። እሱ እስከ ዛሬ የለም። ጋሼ ድምጻቸውን ሳይቀይሩ ነው የተረኩት፣ ልክ እንደ መርከቧና እንደ አውሮፕላኑ። ልዩነቱ እኛ ነበርን። ኤርሃርት ላይ የሚስቅ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ያን ቀን አንገቱን ደፍቷል። ጎንደር ላይ ደግሞ ለምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን፣ ከየቤቱ ተወስደው የት እንደተጣሉ ሳይታወቅ የቀሩ ወጣቶች እናቶችና እህቶች አሁንም እዚሁ ሰፈር አሉ። ያልተቀበረ ሰው እርሙ አይወጣም።

በረካ ሲቀዳ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡ እናት ተነሱ። ስለ በዓሉ አልጠየቁም። ልጃቸው በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ ከዚያ ሊቢያ ደርሶ ደውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምጹ የለም። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አሉ፣ «እንዲህ ላለ ሰው ተዝካሩ ይወጣል ወይስ ይጠበቃል?» ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሜቴ፣ ይህንን እኔ አልመልሰውም፤ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ እርስዎን ብሆን ግን እጠብቅ ነበር» አሉ። ደብተሩን የሚዘጉበትን ቃል አላሉም። አንድ ጠበቃ ቀስ ብሎ ተነስቶ ስለ ሕጉ ነገራቸው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው ከሆነ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስንለት ማመልከት ይችላል። እናትየው አመሰገኑትና «ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ» አሉት። ጠበቃው ግን መውጫው ላይ ስልኩን ጽፎ ሰጣቸው፤ የቤት ጉዳይ፣ የውርስ ጉዳይ ሲመጣ ወረቀቱ እንደሚያስፈልግ እሱ ያውቃል።

አሁን ወቀሳው። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እናትየው ነጠላቸውን ገና ሳያስተካክሉ፣ አስተናጋጁ ማይክ ይዞ ብቅ አለ። በየምሽቱ ማለቂያ ላይ በመግቢያ ትኬቱ ቁጥር ዕጣ ይወጣል፤ ያሸነፈ ሁለት ዳሽን በነጻ ይጠጣል። «እንግዲህ ወደ ተወዳጁ ዕጣችን!» ብሎ ጮኸ። ኧረ ሼም ነው! ሌላ ቀን ቢሆን እኔም ቁጥሬን እፈልጋለሁ። የመርከቧ ሰዎች ከጠፉ 150 ዓመት አልፏል፣ ዕጣ ቢወጣ ማንም አይከፋውም። የአገር ቤቱ ታሪክ በሚነሳበት ቀን ግን ዕጣውን ተዉት፣ ቀኑንም አስቀድማችሁ በሩ ላይ ለጥፉ፤ መስማት የማይችል ሰው ይቅር፣ የሚመጣም አውቆ ይምጣ። ይህንን ለባለቤቷ ነግሬያታለሁ። «እውነትህን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ መለጠፉን ጀምራለች፤ ዕጣው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።

የቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በርጩማዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቀድሞ መጥቶ ግድግዳ ዳር ያለውን አግዳሚ ይያዝ። ከረከቦቱ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ዕጣኑ ዓይናችሁን ያስለቅሳችኋል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የለም፤ ሻማ ያበራሉ፣ እኔ እንዲያውም የሻማው ይሻለኛል፤ የልጁ ኪቦርድም አብሮ ይጠፋል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግን ሕንጻውን ዞሮ በጓሮ ነው፣ የስልካችሁን መብራት ያዙ። ማለቂያው ወደ 3 ሰዓት ስለሚጠጋ ወደ አዘዞ ወይም ወደ ማራኪ የምትመለሱ ባጃጁን በመምጫችሁ ተነጋገሩበት፤ በዚያ ሰዓት ፒያሳ ላይ ኮንትራት ካልሆነ የሚያነሳችሁ የለም፣ ዋጋውም እንደ ባለባጃጁ ጸባይ ነው።

ከአምስት ኮከብ ጋሼ ሲተርኩ አምስት፣ ልጁ ሲተርክ ሁለት ተኩል፣ ፍርፍሩ አንድም አያገኝ። ማን እንደሚተርክ ረቡዕ ማታ በሩ ላይ ይጻፋል። የሚቀጥለው ሐሙስ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1967 ባሕር ሊዋኝ ገብቶ ያልወጣው። ተራኪው ጋሼ ናቸው። ከ12 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ አግዳሚው ቶሎ ይያዛል።